የአምስቱ ሞተሮች ሊቀመንበር

ሁለት ሰው አንድ ጥላ ሥር ቆሞ ካየ ሦስተኛ ሆኖ ገብቶ ማኅበር የሚያቋቁም ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። የመጋላው ልብስ ሰፊ በሺር ግን ከሁሉም ይብስ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን፣ ባለ ሞተሮችን ሰብስቦ አምስት አባላት ያሉት ክለብ መሠረተ፤ ሊቀመንበርም አድርጎ ራሱን መረጠ።

የባቡር መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ሣህሉ ክለቡ ውስጥ የገባበትን ቀን ይረግማል። ክቡር ሊቀመንበሩ እሑድ እሑድ ጠዋት ሞተሮቹን አሰልፎ ጎማ ሥር አጎንብሶ ጭቃ ይፈልጋል። የሣህሉ አሮጌ ቬስፓ ጋ ሲደርስ ይቆምና፣ "ጓድ ሣህሉ፣ ከዚህች የእኔ ሲንጀር ይፈጥናል" ይላል። ቀበሌ ጠርቶ ክለቡ ለሕዝብ ምን እንደሚፈይድ በጠየቀው ጊዜ፣ በሺር ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናግሮ የቀበሌውን ካድሬ አስተኛው። ካድሬው ሲነቃ ፈቀደለት። ያን ዕለት ሣህሉ ለሚስቱ ለየሺአረግ፣ ወሩ ሲያልቅ ከክለቡ እንደሚወጣ ነገራት።

ወሩ ሳያልቅ የሺአረግ ወለደች። ሕፃኗ ደህና ነበረች፤ የእናቲቱ ደም ግን አልቆም አለ። አዋላጇ ሲስተር ማዘንጊያ ሣህሉን ወደ ሆስፒታሉ ኮሪደር ወሰደችውና የእሱ ደም እንደማይስማማ፣ ቶሎ ሌላ ሰው ካልተገኘ ግን ነገሩ እንደሚያሰጋ ነገረችው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት መጋላ በርጫ ላይ ነው፤ ጫቱን ይዞ የተደላደለን ወንድ የገዛ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ማስነሣት ከባድ ነው።

ሣህሉ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻግሮ በቀጥታ በሺር ጋ ሄደ። ሌላ ሰው አልታሰበውም።

"ስንት ሰው ይበቃል፣ አቦ?" አለው በሺር፣ ነገሩን እንደሰማ መቀሱን አስቀምጦ።

ሣህሉ እንደማያውቅ ነገረው።

"እንግዲያው ያገኘነውን ሁሉ ነዋ።"

አምስቱ ሞተሮች በየበርጫው ቤት ተበተኑ። በሺር ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፉ ላይ ቆሞ፣ አንዲት እናት ደም አጥታ ልትሞት ነው፣ ተነሡ ይል ነበር። ከዚያ ያጠረ ንግግር በዕድሜው ተናግሮ አያውቅም። ሰውም ተነሣ። ነጋዴው፣ ተሸካሚው፣ ሾፌሩ፣ ያ ካድሬ ሳይቀር በሞተር ጀርባ ተፈናጥጠው መጡ። ሲስተር ማዘንጊያ ጉንጩ ያበጠውን ሁሉ አፉን ተጉመጥምጦ እንዲመለስ እያዘዘች ተቀበለቻቸው። ከተመረመሩት አሥራ አንድ ሰዎች የሦስቱ ደም ተስማማ።

አመሻሹ ላይ የሺአረግ ዓይኗን ገልጣ ልጇን ጠየቀች። ሣህሉ ሊያበሥር ሲወጣ በሺርን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ የአንዱን አባል ጎማ እያጣጣለ አገኘው። ሲስተር ማዘንጊያ ሣህሉን ጠጋ ብላ፣ መጀመሪያ ደም የሰጠው ይኸው ሰውዬ እንደሆነ፣ ተኛ ብትለውም እምቢ ብሎ አራት ጊዜ ተመላልሶ ሰው እንዳመጣ በጆሮው ነገረችው።

ሣህሉ የሞተሩን ቁልፍ ከበሺር እጅ ወሰደበት። "ዛሬ የምነዳው እኔ ነኝ" አለው።

ሊቀመንበሩ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ኋላ ተቀመጠ። መንገዱን ሙሉ ስለ ፍሬኑ፣ ስለ አያያዙ፣ ስለ አጣጣፉ ነዘነዘ። "ማርሽ ቀይር፤ ወላሂ አህያ ቀደመን" አለ።

እውነትም አንዲት አህያ አልፋቸው ሄደች። ሣህሉ ማርሹን አልቀየረም። መንገዱ እንዲያልቅበት አልፈለገም።