«ደህና ነኝ» የሚሉት ጋሽ ይማም

እናንተ ሲያማችሁ እውነቱን ትናገራላችሁ? እኔ የማውቃቸው ወንዶች አይናገሩም። ከሁሉም የባሱት እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ አጠገብ ልብስ የሚሰፉት ጎረቤቴ ጋሽ ይማም ናቸው።

ፓርኪንሰን የሚባለው በሽታ ቀኝ እጃቸውን ያንቀጠቅጠዋል። ልጃቸው ዘይነብ ታማሚዎች ስለ በሽታው ለተመራማሪዎች የሚመልሱት መጠይቅ ኢንተርኔት ላይ አገኘች። አንድ ቀን ከሰዓት ከዐረብኛው ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብላቸው ጀመር፤ እኔም ተቀምጬ እሰማለሁ።

«የልብስ ቁልፍ መቆለፍ ያስቸግርዎታል?»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፤ ደህና ነኝ በያቸው።»

ባለቤታቸው እትዬ ከድጃ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እየቆለፉላቸው ነበር። «ታዲያ እኔ ምን እየሠራሁ ነው?» አሉ።

ሁሉም በሽተኛ እንዲህ ቢመልስ፣ ተመራማሪዎቹ ይህ በሽታ ገዳሪፍ አይገባም ብለው ይጽፉ አልነበር?

ዘይነብ የምታነብበትን ስልክ አስቀመጠች። «አባ፣ ውሸት አልልክም። መድኃኒቱን የሚፈልጉት ከታመመው ሰው ሰምተው ነው።»

ጋሽ ይማም «እንደገና ጀምሪ» አሉ። ሁሉንም በእውነት መለሱ። የመጨረሻው ጥያቄ «ያልጠየቅንዎት ነገር አለ?» የሚል ነበር።

«ሰው እንዳይጨብጠኝ ከመስጊድ ቀድሜ እወጣለሁ» አሉ። ይህን እትዬ ከድጃም አያውቁም ነበር።

ከወራት በኋላ ሁለተኛው መጠይቅ መጣ። «መንቀጥቀጡ እንዳይታይብዎት ከሰው ይሸሻሉ?» የሚል አዲስ ጥያቄ አለው። ከሥሩም፣ «ብዙ ታማሚዎች ስለጻፉልን የጨመርነው ነው» ይላል። ዘይነብ ሁለቴ አነበበችላቸው።

«ለካ ብዙ ነን» አሉ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ከሶላት ስወጣ ጋሽ ይማምን መስጊዱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ።