የሌለው መሰላል

(ትንሽ ቲያትር ቤት። ወንበሮቹ ሲነኳቸው ሲጢጥ ይላሉ። ቀለም ቀቢውና ሊቁ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሊቁ የቀቢው ሚስት ታላቅ ወንድም ነው። ዲሽ ይገጥማል፤ የማላውቀው የለም ስለሚል ሰፈሩ ሊቁ ይለዋል። ቀቢው ደግሞ ለመመለስ ቀርቶ ለማሰብም ጊዜ የሚፈልግ ሰው ነው። ዛሬ ልቡ ያለው በጠፋበት መሰላል ላይ ነው።)

ሊቁ፦ አንተ ሰውዬ፣ ጣሪያውን ተውና መድረኩን እይ አልኩህ!

ቀቢው፦ መድረኩ ላይ ምንም የለም እኮ፣ ጋሼ። ጣሪያው ግን ያቺን ጥግ ዛሬም አልቀቧትም።

ሊቁ፦ ምንም የሌለው እዚሁ ስለሚፈጥሩት ነዋ! ድርሰት የለ፣ ልምምድ የለ። እኛ አንድ ነገር እንጮኻለን፣ እነሱ ያመጡታል። እኔ ባላስረዳህ ትኬት የገዛኸው በከንቱ ነበር።

ቀቢው፦ የጠራነውን ሁሉ ያመጣሉ?

ሊቁ፦ ሁሉን!

ቀቢው፦ (አሰብ አድርጎ) የጠፋ ዕቃም?

ሊቁ፦ ይኸው ጀመረው! ለአንድ ምሽት እንኳን ያንን መሰላል አትተወውም?

ቀቢው፦ ሰኞ የትምህርት ቤቱን ኮርኒስ ካልጀመርኩ ሥራውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። በርሜል ላይ ቆሜ ሞከርኩት፤ እጄ አይደርስም።

ሊቁ፦ ደረጃ ሥር አትተወው፣ ሌባ ይወስደዋል አላልኩህም?

ቀቢው፦ ያሉኝ እኮ ከጠፋ በኋላ ነው።

ሊቁ፦ ምክር ነው፣ ምን ሰዓት አለው! እኔ በበኩሌ መሰላልህን በዓይኔም አይቼው አላውቅ።

ቀቢው፦ የእርስዎን ለሰኞ ብቻ ቢያውሱኝስ?

ሊቁ፦ የኔ አሉሚኒየም ነው። ገና አዲስ። ቀለም ከነካው አለቀለት።

ቀቢው፦ እኔም የእርስዎን አይቼው አላውቅም።

ሊቁ፦ ለዚህ ነዋ አዲስ የሆነው! ዝም በል፣ መጣች።

(ተዋናይዋ ባዶ እጇን መድረክ ላይ ትወጣለች።)

ተዋናይዋ፦ እንደምን አመሻችሁ! እስቲ አንድ ዕቃ ጥሩልኝ!

ሊቁ፦ (በሹክሹክታ) አሁን ስልክ ይላሉ። ሰው ሁሉ ስልክ ነው የሚለው። የገባው ሰው ግን...

ቀቢው፦ (ብድግ ብሎ) መሰላል!

ሊቁ፦ ቁጭ በል! አዋረድከኝ!

ተዋናይዋ፦ መሰላል! ደስ ይላል። (አየር ጨብጣ እግሯን እያነሳች ትወጣለች።)

ቀቢው፦ ምን ላይ ነው የወጣችው?

ሊቁ፦ አየር ላይ ነው፣ ጅሉ! እንዳለ አድርጎ ማሳየት ይባላል። እሷ ግን አልቻለችበትም። ይሄ መሰላል ነው? ፎቅ ነው የምትወጣው!

ቀቢው፦ እርስዎ ቢሆኑስ?

ሊቁ፦ እኔ? ዓይኔን ጨፍኜ!

ቀቢው፦ (እጁን አውጥቶ) እህቴ! ጋሼ ካንቺ እበልጣለሁ እያሉ ነው!

(ቤቱ በጭብጨባ ይናወጣል። ሊቁ ኮቱን አስተካክሎ መድረክ ላይ ይወጣል፤ ለመለመን እንኳ ጊዜ አይሰጣቸውም።)

ተዋናይዋ፦ ይምጡ፣ ጋሼ። ሕጉ አንድ ነው፤ አያስቡ!

ሊቁ፦ ምን ማሰብ ያስፈልጋል! ተመልከቱ። መሰላል መጀመሪያ በትከሻ ይመጣል። (ያቃስታል።) ጣውላ ስለሆነ ይከብዳል። እንዲህ ግድግዳ ይደገፋል። ግራ እግሩ አጠር ስለሚል ደግሞ ሥሩ ድንጋይ ይደረግለታል። (አጎንብሶ ድንጋይ ይወሽቃል። ጭብጨባ።)

ቀቢው፦ (ወደ ወንበሩ ጫፍ ተጠግቶ) ድንጋይ?

ሊቁ፦ አንድ! ሁለት! (እግሩን አርዝሞ ይዘላል።) አራት!

ተዋናይዋ፦ ሦስተኛውን መርገጫ ምን በላው?

ሊቁ፦ እሱ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፣ የኔ ልጅ። ከረገጡት ይከዳል! (ሳቁ ሲበዛ ድምፁ ይጨምራል።) ላይኛው ጋ ደግሞ የደረቀ አረንጓዴ ቀለም አለ፣ እጅ ይቧጭራል። አያችሁ? መሰላል ማለት ይሄ ነው!

ቀቢው፦ ጋሼ...

ሊቁ፦ አትረብሸኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ!

ቀቢው፦ አረንጓዴው የክሊኒኩን በር ስቀባ የፈሰሰ ነው። ሽቦውንም ያሰርኩት እኔ ነኝ።

(ሊቁ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ደርቆ ይቀራል።)

ሊቁ፦ ይሄማ... ዝም ብሎ ከጭንቅላቴ ያመጣሁት ነው።

ቀቢው፦ ከጭንቅላትዎ ያምጡት፣ ከጓሮዎ ያምጡት፣ ብቻ ዛሬ ማታ ይምጣልኝ።

ተዋናይዋ፦ (ቀቢውን ትኩር ብላ እያየች) ቆይ፣ አንተ ባለፈው ሳምንት መጥተህ አልነበር? እዚያው ወንበር ላይ?

ቀቢው፦ ነበርኩ። አንዱን ሰውዬ ወጥተህ ሚስማር ምታ ስትዪው፣ አናጢ መሆኑን ሳይናገር ነው ሁላችንም ያወቅነው። እጅ አይዋሽም ብዬ ሄድኩ።

ሊቁ፦ አንተ! እኔ ሳስረዳህ ያመሸሁት...?

ቀቢው፦ ጥጓን ዛሬም አልቀቧትም ስልዎት አልሰሙኝም እንጂ። በሉ ቀስ ብለው ይውረዱ፣ ጋሼ፤ ሦስተኛውን እንዳይረግጡ። ደግሞ እዚያው ትተውት እንዳይመጡ፣ ሌባ ይወስደዋል።