ባሕሩ የሄደበት እሑድ

ባሕር ቦታውን ትቶ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ? የምታውቁ ካላችሁ ይቅርታ፣ እኔ የምጽፈው ለማያውቁት ነው። እስከ አሥራ አምስት ዓመቴ ድረስ ባሕር ማለት አንድ ቦታ ተኝቶ የሚውል ነገር ይመስለኝ ነበር። ከየት ልማረው? አባቴ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። እናቴ ያደገችው ደብረ ብርሃን ነው፤ እዚያ ብርዱ እንኳ አንዴ ከመጣ አይሄድም።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። እኔ ስናገር የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ። ሆን ብዬ አይደለም፤ ድምፄ ጉሮሮዬ ጋ ሲደርስ ሐሳቡን ይቀይራል። አንድ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥቅስ እንዳነብ ተጠራሁ። ማይክ ያዝኩና አነበብኩ። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ጋሼ ተፈራ ሮጠው መጡና ማይኩን ተቀብለውኝ ባትሪውን ቀየሩት። እንደገና አነበብኩ። እንደገና ቀየሩት። እስከ ዛሬ ድረስ ያ ማይክ ብልሽት እንዳለበት ነው የሚያምኑት። እኔም እውነቱን አልነገርኳቸውም። በየትኛው ድምፄ?

በዚህ ላይ ውሃ እፈራለሁ። ፊቴን እንኳ የምታጠበው በየተራ ነው፤ ግራው ሲታጠብ ቀኙ ዘብ ይቆማል። እንግዲህ አስቡት፣ በዚያ በጋ ይጠመቃሉ ተብለው ከተመዘገቡት ስድስት ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ጥምቀት በጠብታ አይደለም። ፓስተሩ ይይዝሻል፣ ወደ ኋላ ያስተኛሻል፣ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ትገቢያለሽ። ትወጫለሽም ይላሉ።

ወደ ባሕሩ ልመለስ። የምንኖረው ከሀገር ቤት ርቀን፣ በምድር ደቡብ ጫፍ ባለ ከተማ፣ ብሬብሩክ የሚባል ሰፈር ነው። እናቴ ግን የምትሠራው አልቶና፣ ባሕሩ አጠገብ ባለ አንድ ኤጅድ ኬር ነው፤ አረጋውያን ትንከባከባለች። እዚህ ጃንዋሪ የበጋ ዕረፍት ስለሆነ ትምህርት ቤት ይዘጋል። አባቴ ሥራ ነው። እናቴ ደግሞ ሴት ልጅ ብቻዋን ቤት አትውልም የሚል ሕግ አላት። ስለዚህ በየቀኑ በመኪና ይዛኝ ትሄድና ከሥራዋ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ያለው ላይብረሪ ታስቀምጠኛለች። ሺፍቷን ጨርሳ እስክትመጣ ከወንበሬ መነሣት የለም። ባሕሩ ጋ መሄድማ ጭራሽ አይታሰብም። እናቴ ባሕርን የምታየው እንደ ተናካሽ ውሻ ነው። በሩቁ፣ ዐይኗን ሳትነቅል።

ሦስት ቀን ታዘዝኩ። በአራተኛው ቀን ለአምስት ደቂቃ ብቻ ብዬ ወጣሁ። አምስት ደቂቃው ወር ሆነ።

ምን ነበረው መሰላችሁ? ምንም። አሸዋ፣ ነፋስና እኔ። ጫማዬን በእጄ ይዤ መራመድ ብቻ። ግን ማንም "ምን አልሽ?" የማይለኝ ቦታ ነው። የወፎቹን ስም በአማርኛ ስለማላውቅ እኔው አወጣሁላቸው። ረጅም ቀይ መንቁር ያላቸው ጥቁር ወፎች አሉ፤ እነሱን "ሊፕስቲክ" አልኳቸው። በእርጥቡ አሸዋ ላይ በመቶ እየሆኑ የሚሰለፉ ትንንሽ ሸርጣኖች ደግሞ አሉ። እግሬ ሲቀርብ ሁሉም እየተጠማዘዙ አሸዋው ውስጥ ይገባሉ። ዝም ብዬ ስቆም ግን አንድ በአንድ ተመልሰው ይወጣሉ። ዝም በማለቴ ቀርቦኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ሸርጣኖቹ ግን ቀረቡኝ።

አንድ ቀን ስደርስ ባሕሩ የለም። እውነቴን ነው። ትናንት ውሃ የነበረበት ሜዳ ሆኗል። አንድ ነገር ሆኗል፣ ሰው ሁሉ ሸሽቷል፣ እኔ ብቻ ሳልሰማ ቀርቻለሁ አልኩ። ልሮጥ ስል አንዲት ሴትዮ ከውሻቸው ጋር በሜዳው ላይ ቀስ እያሉ ሲሄዱ አየሁ። ውሻው አልደነገጠም። እኔ ብቻዬን መደንገጤ አሳፈረኝና ቆምኩ። ከዚያ ቀን በኋላ የአይስክሬም እንጨት አሸዋው ላይ እየተከልኩ ውሃው የት እንደሚደርስ፣ ስንት ሰዓት እንደሚመለስ በሒሳብ ደብተሬ ጀርባ መጻፍ ጀመርኩ። ለካ ይሄዳል፣ ይመጣል። በየቀኑ ደግሞ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ሐበሻ ነው ማለት ነው። ልዩነቱ ባሕሩ ሁልጊዜ የሚዘገየው ልክ ያንኑ ያህል መሆኑ ነው።

ታዲያ ረቡዕ ዕለት የጸሎት ፕሮግራም ላይ ጋሼ ተፈራ ተነሡ። ጋሼ ተፈራ ሀገር ቤት ሠላሳ ዓመት ጉድጓድ ያስቆፈሩ የውሃ መሐንዲስ ናቸው፤ እዚህ አውቶቡስ ይነዳሉ። በእጃቸው የመጥረጊያ እንጨት ይዘዋል። ባለፈው እሑድ አልቶና ሄደው የጥምቀቱን ቦታ እንዳጠኑ ነገሩን። "ለካሁት!" አሉ፣ እንጨቱን ከፍ አድርገው። "ባሕሩ ውስጥ ከሚገባው ከእንጨቱ ድልድይ አሥር እርምጃ ርቄ ገባሁ፣ ውሃው እስከዚህ! የሚመጣው እሑድ፣ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ ከቀኑ ዘጠኝ።" ሰው ሁሉ አሜን አለ።

እኔ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ አባዛሁ። ሰባት ቀን በሃምሳ ደቂቃ። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ባሕሩ ከሞላበት እስኪሸሽ የሚፈጅበትም ያንኑ ያህል ነው። ባለፈው እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ሞልቶ የነበረ ባሕር በሚመጣው እሑድ በዘጠኝ ሰዓት የለም!

ከፕሮግራሙ በኋላ ጋሼ ተፈራ ወንበር ሲያነሡ አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። ቆይተው አዩኝ።

"ምነው የኔ ልጅ?"

"ባሕሩ..." አልኩ።

"እ?"

"ምንም።"

"በይ ያቺን ወንበር አቀብዪኝ" አሉ።

አቀበልኳቸው። ያኔ ነው አንድ ክፉ ሐሳብ የመጣልኝ። ብናገር ከየት አወቅሽ እባላለሁ። እናቴ ላይብረሪ እንደማልውል ታውቃለች፣ የባሕሩ ነገር ያበቃል። ዝም ብል ደግሞ ውሃ የለም። ውሃ ከሌለ ማን ያስተኛኛል? በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታዬ ሊጠቅመኝ ነው። ደስ አለኝ። ከዚያ አራት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ደስታ እንዲህ ነው እንዴ?

እሑድ መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ተብሎ ሠላሳ ሰው ተሟልቶ ሲሰበሰብ ዘጠኝ ተኩል አልፏል። እኛ ተጠማቂዎቹ ነጭ ቀሚስ ለብሰናል። ጋሼ ተፈራ የመጥረጊያ እንጨታቸውን ይዘው ከፊት ወረዱና ቆሙ።

"ውሃው የት ሄደ?" አሉ። ወደ እኛ ዞረው ነው የጠየቁት፣ ከመካከላችን አንዱ እንደወሰደው ሁሉ።

በቃ ቀረ ብዬ ስተነፍስ ፓስተር ምሕረቱ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ "እንግዲህ እንከተለዋለን" አሉ።

ተከተልነው። መጀመሪያ ባት የሚደርስ ውሃ ያለበት ሰፊ ቦይ ተሻገርን። ከዚያ ረጅም የአሸዋ ጉብታ ላይ ወጣን። ከዚያ ወዲያ ውሃ አለ፣ ግን ጥልቀት የለውም። ጋሼ ተፈራ እየገቡ እንጨቱን ይተክላሉ፤ "ሃያ ሳንቲም!" ይላሉ። ሃምሳ እርምጃ ሄደው፣ "ሃያ አምስት!" ደግሞ ሃምሳ እርምጃ። "ሃያ!" ከዚያ ሁሉ ጉድጓድ በኋላ ባሕር እንዲህ ያዋርዳቸው? ደክመው ሲመለሱ ፓስተሩ ፕሮግራሙን እዚያው ጉብታው ላይ እንጀምር አሉ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እትዬ አሰለፈች ተጣጣፊ ወንበራቸው ተዘረጋላቸውና የሁሉንም ቦርሳ ታቅፈው ተቀመጡ። መዝሙር ሆነ። ስብከት ሆነ። ሕፃናቱ ሸርጣኖቹን አገኟቸው። እናቴ፣ ያቺ ባሕርን የምትፈራው እናቴ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ እርጥቡን አሸዋ ረግጣ፣ "ውይ፣ እንዴት ይለሰልሳል!" ብላ ሳቀች። ወር ሙሉ የደበቅሁት ደስታዬ እግሯ ሥር ነበር።

ሰዓቴን አየሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ። ባሕሩ መሄዱን አስልቼ ነበር እንጂ፣ እኛ መሐሉ ቆመን ሳለ መመለሱን አላሰብኩም። ሰዉ ውሃ አጥቶ ወደ ቤቱ ይገባል ነበር ያልኩት።

"ዐይናችንን ጨፍነን እንጸልይ" አሉ ፓስተሩ። ሁሉም ጨፈነ። እኔ አልጨፈንኩም። ከፊቴ አንዲት ነጭ ዛጎል ነበረች። ውሃው መጥቶ ነካት። ተመለሰ። ሲመጣ ዋጣት። ከጉብታው ዳር የነበሩት ሊፕስቲኮች ጮኸው ተነሡና ወደ የብሱ በረሩ። እነሱ የሚሄዱት መሬቱ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ደብተሬ ላይ አለ። ዞር ብዬ የተሻገርነውን ቦይ አየሁ። እጥፍ ሰፍቷል። ከሠላሳችን ዋና የሚችል አንድም የለም።

"ይቅርታ" አልኩ። ነፋሱ ወሰደው።

ጸሎቱን ልዝጋው ብዬ "አሜን!" አልኩ። ሠላሳ ሰው "አሜን!" ብሎ መለሰልኝና ጸሎቱ በአዲስ ጉልበት ቀጠለ።

ውሃው የእትዬ አሰለፈችን ወንበር እግር ነካ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ከሆዴ አንድ ጩኸት ወጣ። "እየመጣ ነው!"

"ሃሌሉያ! ይምጣ!" አሉ እትዬ አሰለፈች፣ ዐይናቸውን እንደጨፈኑ።

"እየመጣ ነው! አሁን!"

"ይምጣ! ይምጣ!" አለ ሕዝቡ። አንዳንዱ እጁን ዘረጋ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብጮህ ትንቢት ሆኖ ቀረ።

ሮጬ የጋሼ ተፈራን እጅጌ ያዝኩ። "ጋሼ! ዐይንዎን ይግለጡ! ባሕሩ ነው የሚመጣው! በስተኋላችን ሞልቷል!"

ገለጡ። አዩኝ፣ ቦዩን አዩ፣ እንደገና አዩኝ። የውሃ መሐንዲስ ናቸው፣ ሁለተኛ አላስነገሩኝም። "ተነሡ! ልጆቹን ተሸከሙ!" ብለው ጮኹ። ከዚያ ዝቅ ብለው፣ "በየት በኩል ነው የሚያሻግረው?" አሉኝ። እኔን! "በድልድዩ በኩል ያለው ጎን ነው ትንሽ ከፍ የሚለው" አልኩ።

እጅ ለእጅ ተያይዘን ገባን። ከፊት እኔ፣ ከኋላዬ እንጨታቸውን የሚተክሉ ጋሼ ተፈራ። ውሃው ጉልበቴን አለፈ። ጭኔ ደረሰ። ቀሚሴ ተነፍቶ ዙሪያዬን ተንሳፈፈ። ወገቤ ላይ ሲደርስ መተንፈስ አቃተኝ። "አይዞሽ፣ ሂጂ፣ እያየሽ ሂጂ" ይላሉ ጋሼ። ሁለት ጎረምሶች እትዬ አሰለፈችን ከነወንበራቸው ተሸክመዋል፤ እሳቸው ከላይ ሆነው፣ "ቀስ በሉ፣ የሰው ቦርሳ ነው የያዝኩት!" ይላሉ። እናቴ ከኋላ ስሜን ትጠራለች። አልዞርኩም። ብዞር እቆም ነበር።

ሁሉም ተሻገረ። አንድም ሰው አልጎደለም፤ የአንድ ሕፃን ካልሲ ብቻ ነው የጎደለው። እኔ መንገዱን እያሳየሁ ቆይቼ ዳር ልወጣ ጥቂት እርምጃ ሲቀረኝ ፓስተር ምሕረቱ ከውሃው ሳይወጡ ቆሙ።

"ጋሼ ተፈራ፣ እዚህ ጋ ስንት ነው?"

እንጨቱ ተተከለ። "ዘጠና ሳንቲም። አሸዋውም ጠንካራ ነው።"

"ታዲያ ሌላ ምን እንፈልጋለን?" አሉ ፓስተሩ፣ ዐይናቸውን እኔ ላይ ጥለው። "ቀድማ የገባችው ቀድማ ትጠመቅ!"

ዝም ብል ኖሮ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። አልጨረስኩትም፤ ወደ ኋላ አስተኙኝ። ሁለቱም ዐይኖቼ ተገልጠው ነበር። ዘብ የሚቆም አልነበረም። አረንጓዴ ብርሃን አየሁ፤ ከጆሮዬ አጠገብ ጥፍር የምታክል ዓሣ አለፈች። ቸኩዬ መውጣት እንኳ ረሳሁ። ከዚያ አየር፣ ጩኸት፣ እልልታ።

እናቴ ፎጣ ይዛ ጠበቀችኝ። ጠቀለለችኝ፣ ጨመቀችኝ። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ዝቅ ብላ፣ "አንቺ፣ ይሄን ሁሉ ከየት አወቅሽው?" አለችኝ።

"ላይብረሪ" አልኩ። "መጽሐፍ ላይ።"

ከውሃው ከወጣሁ አንድ ደቂቃ አልሞላኝም። ፀጉሬ ገና ይንጠባጠባል።

"ወር ሙሉ ከመኪናዬ ምንጣፍ የማራግፈው አሸዋ ከመጽሐፍ ነው የሚወጣው?" አለች።

ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ግን ምድሩን ባሕሩ ይዞታል። ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። ፎጣውን ፀጉሬ ላይ ጠበቅ አደረገችው። "ማታ ማታ መኪና ውስጥ ስትገቢ ታንጎራጉሪያለሽ" አለች። "እንጉርጉሮው እንዳይቆም ፈርቼ ነው። ነገ ከሺፍት በኋላ እኔንም ውሰጂኝ። በሩቁ!"

ተጠምቆ ወዲያው የዋሸ ሰው ሁለት ጊዜ መጠመቅ ይችል እንደሆነ ፓስተሩን ልጠይቃቸው ዞርኩ። ቅርብ ነበሩ። ግን ለአንድ ቀን የተናገርኩት ይበቃኛል ብዬ ተውኩት።