እትዬ ዘይነባ ሲፆሙ የሚበላው ካርድ

የካርዱን ሚስጥር ቁጥር እንዳይረሳው ጮክ ብሎ የሚያጠና ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ካሮልተን ከተማ ጎረቤቴ የሆኑት እትዬ ዘይነባ ናቸው።

በረመዳን አንድ ከሰዓት አስጠሩኝ።

«ልጄ፣ እኔ ፆመኛ ነኝ፤ የፉድ ስታምፕ ካርዴ ግን ይበላል!»

መንግሥት በየወሩ የምግብ መግዣ የሚሞላላቸውን ካርድ ገልብጬ፣ ጀርባው ላይ ባለው ስልክ ቁጥር ኮል አደረግኩ። ማሽኗ ቀሪውን ሂሳብ ነገረችን። ደግሜ ብደውል፣ ካርዱ ጠረጴዛው ላይ እንደተጋደመ ቀሪው ቀንሷል። ፀጉሬ ቆመ። ጅን ነው እንዳልል፣ ጅን ሚስጥር ቁጥር ምን ያደርግለታል?

«ካርድዎን ኮፒ ያደረገ ሰው አለ፤ ቁጥሩንም ሰምቷል። ለማፍጠሪያ የቀረችው ሳትሄድ ሚስጥር ቁጥሩን እንቀይረው» አልኳቸው።

ቀየርነው። እትዬ አዲሱን ቁጥር እንዳይረሱት፣ እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው ይደጋግሙት ጀመር።

ከግድግዳው ማዶ፣ ሌላው ጎረቤት ቤት ሲጮህ የዋለው ቲቪ ድንገት ዝም አለ።