ለበረካ ያለቀው በር

በአገራችን የፈረሰውን ነገር ሁሉ ያፈረሰው ጠላት ነው። ግንቡን ማን ናደው? ጠላት። ደኑን ማን ጨረሰው? ጠላት። እንዲያው ይህ ጠላት የሚሉት ፍጡር ስንት እጅ ቢኖረው ነው እላለሁ አንዳንዴ፤ እኛስ ያን ሁሉ ዘመን እጃችንን አጣጥፈን ነው የኖርነው? ብቻ ስለ ሌላው አላውቅም፤ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ የነበረውን የመንደራችንን በር ማን እንዳፈረሰው ግን አሳምሬ አውቃለሁ።

በር ስላችሁ የቤት በር እንዳይመስላችሁ። የጥንት ከተማ በር ነው። የትኛው ንጉሥ እንዳሠራው ሽማግሌዎቹ እስካሁን ይከራከራሉ፤ ከተማው ራሱ ጠፍቶ የገብስ ማሳ ከሆነ ዘመናት አልፈዋል። በሩ ግን በጥርብ ድንጋይ እንደተገነባ፣ እርሻው መካከል ብቻውን ቆሞ ቀረ። ግራ ቀኙ ቅጥር የለው፤ ዞሮ ማለፍ ለሚሻ ሜዳው ሰፊ ነው። ለደም ሲሆን ግን ማንም አይዞረውም። ገዳይ ከውጭ፣ የሟች ወገን ከውስጥ ይመጡና ከሥሩ ይገናኛሉ፤ ቄሱም ሼሁም መርቀው ጎን ለጎን ካለፉ ደሙ ደረቀ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ቂም ያነሳ ሰው ቀባሪ አያገኝም።

እንዲህ የሚከበር በር እንዴት ይጠፋል? በመከበሩ ነዋ! ቤት የሚሠራ ሁሉ «ለበረካ፣ ቤቴን ይባርክልኝ» እያለ አንዳንድ ድንጋይ ወሰደ። ሰርቆ እንዳይመስላችሁ፤ ተሳልሞ፣ ዱዓ አስደርጎ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም እኩል፤ በዚህስ ፍቅራችን አይታማም። የላዩ አለቀ፣ የጎኑ አለቀ፣ በመጨረሻ መሠረቱን በዶማ ቆፍረው ወሰዱት። ዛሬ ብትሄዱ የምታዩት ገብስ ነው። ብትጠይቁ ደግሞ «ጠላት አፈረሰው» ይሏችኋል።

ታዲያ አምና የአጎቴ ልጅ ይመር ከወህኒ ወጣ። በድንበር ጠብ የእማማ ዘነበችን ልጅ ገድሎ ነበር። እስሩን ጨረሰ፤ ካልታረቀ ግን መንደሩ ውስጥ ማደር አይችልም፤ የሟች ወንድሞች አሉ። እኔ ዘንድ መካነ ሰላም ተጠግቶ ሳለ ወደ ሟች እናት ሽማግሌ ተላከ። እማማ ዘነበች ብዙ አልተናገሩም።

«እኔ ደክሞኛል፤ እታረቃለሁ። ግን በበሩ። ያለ በሩ የቀሩት ልጆቼ አይሰሙኝም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሼህ እንድሪስ መላ አመጡ። «ያ ጀመዓ፣ ድንጋዩ የት ሄደ? ግድግዳችን ውስጥ አይደል? ከየቤቱ አንዳንድ ይምጣና በሩን ለዕርቁ እናቁመው» አሉ። ሕዝቡ ሁሉ አሚን አለ። አሚን ለማለት ግድግዳ ማፍረስ አያስፈልግም።

ከዚያማ ምኑ ቅጡ! አንዱ «እገሌ ይቅደም» ይላል፣ ሌላው «ክረምቱ ይውጣ» ይላል። ትናንት ግድግዳው ውስጥ ያለውን የበሩን ድንጋይ ለእንግዳ ሁሉ በጣቱ እየጠቆመ ሲኮራበት የኖረው ሰውዬ ደግሞ «የበሩ ድንጋይ ለመሆኑ ምስክር አለ ወይ?» ብሎ ዐረፈው።

ቀጠሮው ደረሰ፤ ይመርን ይዤው ሄድኩ። ሕዝቡ ገብሱ ዳር ተሰብስቧል፣ ሁሉም ባዶ እጁን። እማማ ዘነበች ብቻ የቤታቸውን ማዕዘን አስነቅለው፣ ድንጋያቸውን በአህያ አስጭነው መጥተው አጠገቡ ተቀምጠዋል። ሁላችንም ወደ አጎቴ ዞርን። የገዛ ልጃቸው ነገር ነዋ!

«የእርስዎስ ድንጋይ?» አልኳቸው።

አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የኔ ከታች ነው የገባው፤ እሱ ከወጣ ቤቱ ይናዳል። እንዲያው በአፍ ይቅር ብትለው ምን አለበት?» አሉ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እማማ ዘነበች አልተቆጡም። ይመርን ብቻ ትኩር ብለው አዩት።

«እኔ ልጄን ለገደልከው ቤቴን አፈረስኩ። አባትህ ለልጁ አላፈረሰም። ሂድ ልጄ፣ ሳይመሽ ሂድ፤ እነዚህን ልጆች አልችላቸውም።»

ይመር ዞሮ አባቱን አላየም። በማግሥቱ ወደ ወግዲ በሚሄድ መኪና ተሳፈረ። እዚያ የሰው ማሳ እያረሰ ነው አሉ፤ ስልክ እንኳ አይደውልም።

አጎቴ አሁን ታመው ተኝተዋል። ሰሞኑን ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ቤቱ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንዲት ስንጥቅ የለበትም። ደጅ ደጁን እያዩ ኮቴ በተሰማ ቁጥር «ይመር ነው?» ይላሉ። ተነስቼ አየሁ። ጎረቤታቸው ነው፤ ቤቱ ከእንግዲህ ወራሽ የለውም ብሎ፣ ያችን ድንጋይ ለበረካ ከወዲሁ ሊለምን የመጣ።