የአረንጓዴው ቅጠል ሹመት

ሳልና ዕውቀት አይደበቁም። የማኅደር ክፍሉ ባለሙያ ሁለቱንም ታድሏል፤ ሳሉን ከፋይሎቹ አቧራ፣ ዕውቀቱን ደግሞ ከስምንት ዓመት በፊት ውጭ አገር ሄዶ ከተካፈለው የአሥራ አንድ ቀን ሥልጠና ነው ያገኘው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተረስቶ «ባሕር ማዶ» ሆኖ ቀረ። አሥራ አንዱ ቀንም በየሻይ እረፍቱ ሲወራ እያደገ ሄዶ፣ ዛሬ ሁለት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው።

በቅርቡ ከጓደኞቹ አንዱ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ትናንት «አንተ ሰውዬ» እያሉ ትከሻውን ሲመቱት የነበሩት ሁሉ በአንድ ጀንበር «እርስዎ» አሉት፤ ጨዋ ሰው ነውና አልተቃወመም። እኛም ከእንግዲህ አንቱ እንላቸዋለን፤ ማን በከንቱ ይጣላል? የምክትላቸው ወንበር ግን ገና ባዶ ነበር። ባሕር ማዶ ያን ወንበር ምን ያህል እንደተመኘው እሱና ትራሱ ያውቃሉ። ስለዚህ «እንኳን ደስ አለዎት» ለማለት በሚል፣ አዲስ በተከፈተው የጃፓን ምግብ ቤት፣ ሱሺ ቤት፣ ምሳ ጋበዘ። ሥራ አስኪያጁ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊውና የዕቅድ ባለሙያዋ መጡ።

«ይሄ ምግብ ሥርዓት አለው» አላቸው ገና ሳይቀመጡ። «እኔ የማደርገውን ብቻ ተከተሉ።»

ሥርዓቱን አሳየ። ለመብያ በቀረቡት ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች አንዱን የሩዝ ጥቅል ሊይዝ ሲል ጥቅሉ አፈትልኮ ከዕቅድ ባለሙያዋ ቦርሳ አጠገብ አረፈ። «መጀመሪያ እንዲህ ለቀቅ ይደረጋል» አለ። ንብረት ኃላፊው ወዲያው የራሱን ለቀቀ።

በሳህኑ ላይ፣ በጥሬው ዓሣና በሩዙ መካከል፣ ጫፉ እንደ መጋዝ የተቆራረጠ ስስ አረንጓዴ ቅጠል ቆሟል።

«ይህስ ምንድን ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ባሕር ማዶ በሕይወቱ አይቶት አያውቅም። ሹመት የሚጠብቅ ሰው ደግሞ «አላውቅም» አይልም። «የባሕር ቅጠል ነው። ዋናው እሱ ነው፣ ሩዙማ ማጀቢያ ነው» ብሎ አፉ ውስጥ ከተተው። አኘከ፣ አኘከ፣ ቅጠሉ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ በውኃ አወራረደው።

የዕቅድ ባለሙያዋ የሷን በሁለት ጣቷ አጠፍ ዘርጋ አድርጋ አየችው። «ኧረ በናታችሁ፣ ይሄ ፕላስቲክ ነው።»

«እህቴ፣ ላልለመደ ሰው እንደዚያ ነው የሚመስለው» አላት ባሕር ማዶ።

«እኔም ድሮ ስቀምሰው እንደሷ መስሎኝ ነበር» አሉ ከከተማው ወጥተው የማያውቁት ሥራ አስኪያጅ፤ የራሳቸውንም ዋጡ። ንብረት ኃላፊው ሳያኝክ ላከው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ቪታሚኑ ከአሁኑ እየተሰማኝ ነው» አለ።

ባሕር ማዶ እጁን ሊታጠብ ሲነሣ አስተናጋጇ ተከተለችው። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ያ አረንጓዴው ነገር ዓሣውን ከሩዙ ለመለየት የምናስገባው ፕላስቲክ ነው። አይበላም።»

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«አልነገርኩም።»

«ጎሽ፣ እንዳትነግሪ» አላት።

መስተዋቱ ፊት ቆሞ ከራሱ ጋር መከረ። ቢናገር አለቃውን ፕላስቲክ ያበላ ሰው ሊባል ነው። ዝም ቢል ደግሞ የጓደኞቹ አንጀት አለ። አንጀት ይታገሣል፣ ወንበር ግን አይጠብቅም ሲል ወሰነ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እንዲሉ፣ ፕላስቲክም ዳግመኛ እንዳይገባበት ቆረጠ።

ሲመለስ ሥራ አስኪያጁ ቅጠል እንዲጨመር አዝዘው ነበር። አስተናጋጇ ባሕር ማዶን አየችው፤ ባሕር ማዶ ጣሪያውን አየ። ቅጠሉ በሳህን ሙሉ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ደገሙ፤ ንብረት ኃላፊው አምስት ዋጠና አንዱን ለባለቤቱ በናፕኪን ጠቀለለ። የዕቅድ ባለሙያዋ ሩዟን በማንኪያ በልታ ጠገበች።

«አንተስ? ዋናው እሱ ነው አላልክም?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«እኔ እዚያ ሳለሁ አብዝቼው ስለነበር ነው» አለ ባሕር ማዶ።

ሥራ አስኪያጁ ከሦስት ቀን የሕመም ፈቃድ ሲመለሱ በሰሌዳው ላይ ማስታወቂያ ወጣ፦ «የንብረት ክፍል ኃላፊው አዲስ አሠራርን ያለ ማንገራገር በመቀበል ባሳዩት ቁርጠኝነት ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሹመዋል። የዕቅድ ባለሙያዋ የአመለካከት ሥልጠና እንዲወስዱ ተወስኗል።» ስለ ባሕር ማዶ አንዲት ቃል አልነበረችም።

ደሙ ፈልቶ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ። «እርስዎ የሾሙት ሰው እኮ ስድስት ፕላስቲክ የዋጠ ሰው ነው። ያ ቅጠል ፕላስቲክ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው። «ገና ስነክሰው አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዋጡት?»

«ማን አብሮኝ እንደሚውጥ ለማየት ነዋ። አንተ በአንዱ ቆምክ።»