ትንሽ ልጨምር

በስብሰባ ላይ «ከእኔ በፊት በተናገሩት ጓድ ሐሳብ ላይ ትንሽ ልጨምር» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ እኔው አለሁላችሁ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። በርበሬ በረንዳ የዛላ በርበሬ ሱቅ ነበረኝ። ባለቤቴ ጀሚላ መሠረተ ትምህርት ልግባ ብላ በለመነችኝ ቁጥር «ዛላውን ማን ይቀነጥሰዋል?» እያልኩ ከረምኩ። ታዲያ አንድ እሁድ የቀበሌያችን ውይይት በሴቶች ትምህርት ላይ ሆነ። አንዱ ተነስቶ «ሴቶች ይማሩ!» አለ፤ ተጨበጨበ። ሌላው «ባሎችም አይከልክሉ!» ብሎ ጨመረ፤ የባሰ ተጨበጨበ። እኔ ከዚህ አንሼ ልቀመጥ? ጭብጨባ እየሰማ ዝም የሚል ምላስ አልተሰጠኝም። እጄን አወጣሁና «ሚስቶች ሲማሩ ሥራቸውን ባሎች ይሥሩ!» አልኩ። አዳራሹ ተናወጠ። ኮራ ብዬ ልቀመጥ ስል ጀሚላ ከሴቶቹ ረድፍ ብድግ አለች።

«የባለቤቴን ሐሳብ እደግፋለሁ። ከነገ ጀምሮ በርበሬውን እሳቸው ይቀነጥሱልኛል።»

ጣሪያው እስኪነሳ ተጨበጨበ። ማን ይሙት፣ እኔም አጨበጨብኩ!

በማግስቱ ከሰዓት ጀሚላ ደብተሯን ይዛ ሄደች። እኔ ከዛላው ክምር ሥር ተቀምጬ፣ በርበሬ በነካ እጄ ዓይኔን አሽቼ ስንሰቀሰቅ ጎረቤቴ ደረሰ።

«ምነው ጋሼ ከድር፣ ሰው ሞተብዎ?»

«ኧረ ሚስቴ ፊደል ልትቆጥር ሄዳ ነው!»

«ታዲያ ለዚህ እንዲህ ይለቀሳል?»

አመሻሽ ላይ ጀሚላ እየሳቀች ተመለሰች። ቀነጠስኩ ካልኩት ክምር አንዱን ዛላ አነሳችና ጭራው ሳይቀነጠስ እንደቀረ አሳየችኝ።

«እኔም ገና ሀ ሁ ላይ ነኝ፣ እርስዎም» አለችኝ፤ «ነገም ሁለታችንም ክፍል አለን።»